ከአቶ ናኦድ ጋር ስቆራኝ

ኮምቦልቻ ውስጥ ሁለት ሰዎች እየተኮራረፉ ከአንዲት ነጋዴ ቲማቲም ሲመርጡ ብታዩ አትገረሙ፤ ቁራኛ ናቸው። አንዱ ከሳሽ፣ ሌላው ተከሳሽ ነው። ሁለቱም ቀኝ እጃቸው ላይ ግራጫ አምባር አለ። ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ ከሠላሳ እርምጃ በላይ አይራራቁም፤ ቢራራቁ አምባሩ የሁለቱንም የእጅ አንጓ ጨምቆ ይይዛል። ሲበሉም፣ ሲተኙም፣ ለቅሶ ሲደርሱም እንደዚያው ነው። የእህቴ ልጅ ስታገባ ሙሽራው በአጥር ምክንያት ከከሰሰው ጎረቤቱ ጋር ተቆራኝቶ ነበርና፣ የሰርጉ ፎቶ ሁሉ ላይ ከሚዜዎቹ ጀርባ አንድ የተቆጣ ሽማግሌ ቆሟል። ምግብ ቤቶቻችን ለቁራኛ የሚሆን ረጅም ጠረጴዛ አላቸው፤ ወንበሩ በሁለቱ ጫፍ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ክስ ስለበዛ ነው። እኔ ልጅ ሳለሁ ሰው ስልኩን ነክቶ ጎረቤቱን ይከስ ነበር፤ ፈራጁ ማሽንም ካሜራውን አይቶ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ይፈርዳል። ሰው ላይ ጣት መቀሰር ሱስ ሆነ። ተመራማሪዎች ተሰበሰቡ፣ አጠኑ፣ የአያቶቻችንን ሥርዓት ከመጽሐፍ ቆፍረው አወጡ። ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ በልብሳቸው ጫፍ ይታሰሩ ነበር። በልብሱ ፋንታ አምባር ተሠራ። ከዚያ ወዲህ ክስ ከአሥር እጅ ዘጠኙ ቀነሰ። አደባባዩ ላይ «ክስ የራቃት ከተማ» የሚል ጽሑፍ ቆመ፤ ከባሕር ማዶ ሳይቀር እየመጡ ጎበኙን። እኔም የዚህች ከተማ ሰው በመሆኔ ደረቴን ነፍቼ ነበር የምሄደው፣ ምን እዋሻለሁ። ጥፊ እስክቀምስ ድረስ።

ዘምዘም እንድሪስ እባላለሁ። በጨርቅ ፋብሪካው የሽመና አዳራሽ ውስጥ ነው ያረጀሁት። የፈረቃችን ኃላፊ አቶ ናኦድ ይባላል፤ ዕድሜው ከመጀመሪያ ልጄ ቢበልጥ በጥቂት ነው። የዚያን ዕለት ከጎኔ የምትሠራው ዚነት ሙቀቱ አዞራትና ማሽኑ ሥር ወደቀች። አራስነቱ ገና ያልለቀቃት ልጅ ናት። ዋናውን ማብሪያ አጠፋሁት። አዳራሹ በሙሉ ጸጥ አለ።

አቶ ናኦድ ከቢሮው እየሮጠ መጣ።

«ማን ነው ያስቆመው?»

«እኔ ነኝ። ልጅቱ ወድቃለች።»

«ማሽኑን አስነሺ!»

«መጀመሪያ ሰው ይነሣ» አልኩት።

በጥፊ አለኝ። ማሽኖቹን ራሴ አስቁሜያቸው ስለነበር ድምፁ እስከ አዳራሹ ጫፍ ተሰማ። ሻሼ ወልቆ ወደቀ። ጎንበስ ብዬ አነሣሁት፣ አራገፍኩት፣ መልሼ አሰርኩት። አላለቀስኩም። ልጆች ያሳደግኩበት ፊት ነው፤ እናቴ እንኳ በጥፊ ነክታው አታውቅም።

ከፋብሪካው በር አጠገብ የቁራኛ ጽሕፈት ቤት መስኮት አለ። ከሥራ ስንወጣ በቀጥታ ወደዚያ ሄድኩ። ጸሐፊዋ የአዳራሹን ምስል ፈለገች፤ ካሜራዎቹ በዚያ ሰዓት ለጽዳት ተብለው ጠፍተው ነበር።

«ምስክርስ?» አለችኝ።

ዞር አልኩ። ጓደኞቼ በሙሉ ከኋላዬ ነበሩ። አንዷ ቦርሳዋን መክፈት ጀመረች፣ አንዷ ጫማዋን አየች፣ ዚነት ደግሞ ጡቷን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ታክሲው ፈጠን ፈጠን አለች። የሚመሰክር ሰውም ይቆራኛል። ሕጉ እንዲያ ነው። የምታጠባውን ልጅ ቤት ትታ አቶ ናኦድ ቤት የምታድር ማን አለች? ይህን አሁን ነው የምለው እንጂ ያኔስ ተቀይሜያቸው ነበር።

«ምስል የለም፣ ምስክር የለም» አለች ጸሐፊዋ። «ጽናትዎ ብቻ ነው የሚታየው። ይከሳሉ?»

ጽናት የሚባለውን ተመራማሪዎቹ ናቸው ያገኙት። ውሸታም ሰው ከከሰሰው ሰው ጋር መኖር አይችልም፣ ይተወዋል ይላሉ። ስለዚህ ምስልም ምስክርም ሲጠፋ ፈራጁ ማሽን ከሁለቱ አንዱ እስኪተው ወይም እስኪያምን ይጠብቃል፤ ለዚህም በየአምባሩ ላይ አንድ ቁልፍ አለ። በከሳሹ ላይ «ትቻለሁ» ይላል፤ በተከሳሹ ላይ «አምኛለሁ» ይላል። ትቻለሁ ያለ ሰው በሐሰት እንደከሰሰ ይቆጠርና ዳግመኛ ማንንም መክሰስ አይችልም። ያመነ ደግሞ በደሉን በሠራበት ቦታ፣ ባዩት ሰዎች ፊት ቆሞ ይናገራል። እኔ የፈለግኩት ይህችኑ ነው። ካሳ አልፈለግኩም፣ እስር አልፈለግኩም። እዚያው አዳራሽ ቆሞ መታኋት እንዲል ብቻ።

«እከሳለሁ» አልኳትና ቀኝ እጄን ዘረጋሁ።

ተከሳሽ እስኪፈረድበት ንጹሕ ነውና የሚያድሩበትን ቤት የሚመርጠው እሱ ነው። ብዙ ተከሳሾች ነገሩ ቶሎ እንዲበርድ ብለው አንድ ቀን በከሳሽ፣ አንድ ቀን በራሳቸው ቤት ያድራሉ። አቶ ናኦድ ግን የራሱን ቤት መረጠ። ኮረብታው ላይ ያለ፣ በሩ ሰው ሲያይ ራሱ የሚከፈት ቤት ነው። ለእኔ ከማድ ቤቱ ጎን ያለችውን ጠባብ ክፍል ሰጠኝ።

«እንግዲህ እንደ ቤትሽ ቁጠሪው» አለኝ እየሳቀ። «ሲሰለችሽ ቁልፏ እዚያው እጅሽ ላይ ናት።»

ጠዋት ጠዋት ስፖርት ይሠራል። የመጀመሪያ ቀን ዳገቱን ሽቅብ ሲሮጥ አምባሩ አንጓዬን ነክሶ ያዘው፤ ጉልበቴ እንደሚያመኝ ያውቃል። እኔ ግን እሱም እንደሚጨመቅ ትዝ አለኝ። መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። ሠላሳ እርምጃ ሮጠና እጁን ይዞ ቆመ። ተቆጣ፣ ተመለሰ፣ በሌላ በኩል ሞከረ። በመጨረሻ እኔን መሐል አስቀምጦ ዙሪያዬን መሮጥ ጀመረ። ሠፈርተኛው ከየበሩ ወጥቶ ያያል። እኔ መቁጠሪያዬን፣ ተስቢሄን አወጣሁ። አላህ ይቅር ይበለኝና ከዚክሩ ይልቅ ዙሩን ነበር የቆጠርኩት።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ አጥሩ ሥር ጥላ ይዤ እጠብቀዋለሁ፤ በእኔ ምክንያት ወደ ውስጥ ዘልቆ መግባት አልቻለም፣ ከኋላ ከሽማግሌዎቹ ጋር ይቆማል። አሮጊቶቹ «ነይ ልጄ፣ እዚህ ነፋሻ ነው» ይሉኛል። ጁምዓ ደግሞ ተራው የእሱ ነው። መስጊዱ በር ላይ መኪናው ውስጥ መስኮት ዘግቶ ይቀመጣል። ኢማማችን ሼህ ኑርዬ አንድ ቀን እኔ ልገባ ስል ሲያልፉ አዩትና መስኮቱን አንኳኩ።

«ዘምዘም፣ እንግዳሽን ፀሐይ ላይ ትተሽው ነው እንዴ?» አሉኝ። ለእሱም «ግባ የኔ ልጅ፣ ጥላ አለ፣ ውኃም አለ» አሉት።

አልገባም። ግን ፊቱ ቀላ። አገሬ እንዲህ ናት፤ ሁለት የተጣላ ሰው ብታይ መጀመሪያ ውኃ ታቀርባለች። በዚህስ እኮራባታለሁ።

የከበደኝ ፋብሪካው ነው። እሱ ቢሮው ውስጥ ሲሠራ እኔ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። የማሽኑ ድምፅ ይሰማኛል፤ የትኛው ክር እንደተበጠሰ ሁሉ ሊገባኝ ምንም አይቀረውም። ጓደኞቼ በፊቴ ያልፋሉ። ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው ያልፋሉ። አንድ ቀን ዚነት ቆም አለችና አፏን ከፈተች፤ ከዚያ የቢሮው በር ሲንቀሳቀስ ሄደች። የዚያን ዕለት አውራ ጣቴ «ትቻለሁ» ላይ አረፈች። አልተጫንኳትም፤ ግን አረፈች። ዓይኔ እንባ አቀረረ።

በዚያው ሰሞን ከዩኒቨርሲቲው አንድ ተመራማሪ መልሴን የሚመዘግብበት ሰሌዳ ይዞ በየቀኑ እየመጣ ይጠይቀኝ ነበር። ዶክተር ኪሩቤል ይባላል፤ ቀጭን፣ ትሑት፣ ላብ የሚያጠምቀው ልጅ ነው።

«ዛሬ የመተው ፍላጎትዎ ከአንድ እስከ አሥር ስንት ነው?»

«ዜሮ የለም ወይ?»

«ከአንድ ነው የሚጀምረው፣ እማማ።»

«እንግዲያስ አንድ በል።»

አውራ ጣቴ ባረፈችበት ቀን ግን «ሰባት» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ።

«ምስክር ቢኖርዎ ይቀል ነበር» አለ። «ያየ ሰው ግን አልነበረም።»

«ማነው አልነበረም ያለህ?»

«መረጃው እንደዚያ ይላል። ባለፉት ዓመታት በዚህ ከተማ ምስክር የቀረበበት ክስ የለም ማለት ይቻላል። ሰው አይቶ ዝም የሚልበት ምክንያት ስለሌለ፣ ያየ የለም ብለን ነው የምንወስደው።»

ሳቄ መጣ። ከዚያ ንዴቴ መጣ።

«ስማ ልጄ» አልኩት። «አዳራሽ ሙሉ ሴት አይታለች። ቆመን ነበር፣ ማሽን የለ፣ ድምፅ የለ። እናንተ ሲመሰክሩ ታስሯቸዋላችሁ፤ ዝም ሲሉ ደግሞ አላዩም ትላላችሁ። ወንጀሉ ነው የቀነሰው ወይስ የሚናገረው?»

ምንም ሳይመዘግብ ሰሌዳውን አጠፈና ሄደ።

አሁን የአቶ ናኦድን ሚስት ልንገራችሁ። አርሴማ ትባላለች። እራት ላይ ከረጅሙ ጠረጴዛ ጫፍ ሳህን ታስቀምጥልኛለች፣ ሥጋው በሙስሊም የታረደ ካልሆነ በዝምታ ሽሮ ትቀይርልኛለች። «እትዬ» ትለኛለች እንጂ ሌላ ቃል አትጨምርም። ጠባቧ ክፍሌ ከሳሎኑ ጋር ግድግዳ ትጋራለች። አንድ ምሽት ገና ዜና እየተነገረ ሳለ ከግድግዳው ወዲያ ያን ድምፅ ሰማሁት። አውቀዋለሁ፤ የራሴ ጉንጭ ላይ ሰምቼዋለሁ። ተነሥቼ በሩን ከፈትኩ። አርሴማ መሬት ላይ ተቀምጣ የተሰበረ ብርጭቆ ትለቅማለች፤ ጉንጯ ላይ አምስቱም ጣት አለ። እሱ ቴሌቪዥኑን ያያል።

«ብርጭቆ ወድቆ ነው» አለኝ ሳይዞር።

ጎንበስ ብዬ አብሬያት ለቀምኩ።

በማግስቱ ጠዋት እሱ ሲታጠብ ማድ ቤት ገባሁ። አርሴማ ሻሿን ዝቅ አድርጋ ዳቦ ትቆርጣለች።

«እትዬ ዘምዘም፣ ለምንድን ነው የማይተዉት?» አለችኝ። «እሱ አያምንም። አውቀዋለሁ።»

«እንዲል ስለምፈልግ።»

«የዚያን ቀን ለእኔማ ብሎታል። ምሳ ሊበላ መጥቶ። አንዲት አሮጊት ማሽን አስቁማብኝ ጥፊ አቀመስኳት አለ፣ እየሳቀ።»

ቢላዋዋ ቆመ።

«ይህን ብትመሰክሪልኝ...» ብዬ ጀመርኩ። የሰው ትዳር ነው። አፌን ያዝኩ።

«ምስክር ሲቆራኝ የት ነው የሚያድረው?» አለችኝ።

«ተከሳሹ ቤት።»

«ማለት እዚህ?»

«እዚህ።»

«የሚበላውስ?»

«ከእሱ ጋር።»

ቢላዋዋን አስቀምጣ እጇን በሽርጧ ጠረገች። መጀመሪያ ፈገግ አለች፣ ከዚያ ሳቀች፣ ከዚያ አፏን በእጇ ሸፈነች፣ ገላ መታጠቢያ ቤቱ ድረስ እንዳይሰማ።

«ሰው የሚፈራው ይህን ነው?» አለች። «እኔ እኮ እዚሁ ነኝ፣ እትዬ። እኔን ምን ሊጨምሩብኝ ነው?»

መኪናው ሊነሣ ሲል ከኋላ ወንበር ገብታ ከጎኔ ተቀመጠች። የምትወጣበትን ነጠላ ለብሳለች።

«ወዴት ነው?» አላት።

«ፋብሪካውን አይቼው አላውቅም» አለችው።

የቁራኛ ጽሕፈት ቤቱ መስኮት ጋ ስንደርስ ከእኔ ቀድማ ቆመችና «ምስክር ነኝ» አለች። ጸሐፊዋ ደጋግማ አየቻት። የምስክር አምባር ለመጨረሻ ጊዜ ያወጣችበትን ጊዜ አታስታውስም፤ መሳቢያ ከፍታ ዘጋች፣ ሌላ ከፈተች፣ በመጨረሻ አቧራ የጠጣ ካርቶን ከቁም ሣጥን ሥር ጎትታ አወጣች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ አቶ ናኦድ። ድምፁ እንደዚያ ሲቀጥን ሰምቼው አላውቅም። «ቤት ውስጥ የተባለ ነገር ምስክርነት ነው እንዴ?»

«ተከሳሹ በራሱ አንደበት ለማንም ቢናገር ይቆጠራል» አለች ጸሐፊዋ። «ለሚስትም።»

ጅል ሰው አይደለም አቶ ናኦድ። ሊያዋርደኝ ብሎ ቤቱ ባይወስደኝ ኖሮ እኔና አርሴማ ዕድሜ ልካችንን አንተዋወቅም ነበር፤ ይህ ሲገባው ፊቱ ላይ አየሁት። ያመነ ሰው ከኃላፊነቱ ዝቅ ይላል፤ የተፈረደበት ግን ጭራሹን ከሥራ ይወጣል። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ቁልፉን ተጫነ።

ማሽኖቹ ይቁሙ አልኩ። ዳግመኛ «ማን ነው ያስቆመው?» እንዳይል ዋናውን ማብሪያ ራሴ ሄጄ አጠፋሁት። ሴቶቹ ከየቦታቸው ወጥተው ቆሙ። ዶክተር ኪሩቤልም በሩ ላይ ነበር። አቶ ናኦድ ዚነት በወደቀችበት ቦታ ቆመ።

«ወይዘሮ ዘምዘምን በድያለሁ» አለ።

«ምን አድርገህ?» አልኩት።

«መትቼ።»

«በምን?»

«በጥፊ።»

«ስለምን?»

ወለሉን አየ። «ሰው ስለወደቀ ማሽን ስላስቆሙ።»

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ኮራሁ። በራሴም፣ በዚያች ዳቦ ቆራጭ ልጅም፣ ሰው ሳይሆን ማሽን በሚፈርድበት ዘመን ሁለት ሴቶች አንድ ወንድ እውነት እንዲናገር በማድረጋችን ኮራሁ። እልልታው ከየት እንደተነሣ አላውቅም፤ አዳራሹን ሞላው። ዚነት ሮጣ መጥታ ጉልበቴን ያዘች።

«አፉ በይኝ፣ እትዬ ዘምዘም። አይቻለሁ። ወላሂ አይቻለሁ።»

«አፉ ብያለሁ። ተነሽ፣ ዛሬም ትወድቂብኛለሽ።»

አምባሮቹ ተከፈቱ። አንጓዬ ዙሪያውን በልዞ ነበር። ወደ ቤቴ ልሄድ፣ በራሴ አልጋ ላይ እግሬን ዘርግቼ ልተኛ፣ ጠዋትም ማንም ሳይጎትተኝ ልነሣ ነው። ዚነት ቦርሳዬን ይዛ፣ ዶክተር ኪሩቤል ጎን ጎኔ እየሄደ፣ ሳቅ በሳቅ ሆነን በሩ ጋ ደረስን።

አርሴማ መስኮቱ ፊት ቆማለች። የምስክር አምባሯን አውልቃ መልሳለች፤ ግን አልሄደችም።

«ሌላ ምን ነበር?» አለቻት ጸሐፊዋ።

«ክስ አለኝ።»

«በማን ላይ?»

«በባሌ ላይ። በጥፊ መቶኛል። ትናንት ብቻ አይደለም።»

እልልታው ገና ጆሮዬ ላይ ነበር፤ ጠፋ። ጸሐፊዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ምስል አለ?»

«ቤት ውስጥ ነው።»

«ምስክርስ?»

አርሴማ ወደ እኛ አልዞረችም። ማንንም ላለማስጨነቅ ይመስለኛል፣ ዓይኗን መስኮቱ ላይ ተክላ ቀረች። ዶክተር ኪሩቤል ሰሌዳውን አውጥቶ «ምስክር የለም» የሚለው ላይ ጣቱን አስጠግቶ ነበር።

«ቆይ» አልኩት።

«እትዬ ዘምዘም!» አለች ዚነት እጄን ይዛ። «ገና አሁን እኮ ነው የተፈታሽው!»

ቦርሳዬን እሷው እንድትይዝልኝ ነገርኳት። ወደ መስኮቱ ሄድኩና ከአርሴማ ጎን ቆምኩ።

«ድምፁን ሰምቻለሁ፣ ጉንጯን አይቻለሁ፣ ብርጭቆውንም አብሬ ለቅሜያለሁ» አልኩ። «ምስክር ነኝ።»

ጸሐፊዋ አቧራማውን ካርቶን መልሳ ሳበች። ግራ እጄን ዘረጋሁላት፤ ቀኙ ገና ያመኝ ነበር።